ኮምቡው ተዝለገለገ፣ ኖሪው ለሰለሰ

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ጅማ ነኝ። ከኮምቡ (ጃፓኖች መረቅ የሚያወጡበት ደረቅ የባሕር አረም) ያወጣሁት መረቅ ተዝለገለገ፣ መረረም። ኖሪውም (ሩዝ የሚጠቀለልበት ስስ የባሕር አረም) ከተከፈተ በሁለተኛው ቀን ልፍስፍስ አለ። ስህተቱ ምን ላይ ነው?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ አፍልተኸዋል። ለ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ 10 ግራም ኮምቡ ይበቃል። ላዩ ላይ ያለው ነጭ ዱቄት ሻጋታ ሳይሆን ጣዕም ነውና አትጠበው፤ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርግና ተወው። 30 ደቂቃ ዘፍዝፈህ በቀስታ እሳት አሙቀው። ከድስቱ ሥር ትንንሽ አረፋ መነሳት ሲጀምር ኮምቡውን አውጣ። ከፈላ ዝልግልጉም ምሬቱም ይወጣል። በከሰል እሳቱን መቆጣጠር ካስቸገረህ ማቀዝቀዣ ውስጥ ዘፍዝፈህ አሳድረው። እኔን ከጠየቅከኝ እንዲያውም ይሻላል።

መልስ 2፦ ኖሪው እርጥበት ስቦ ነው፣ በጅማ ክረምት ደግሞ አይገርምም። በደረቅ፣ በሞቀ ምጣድ ላይ በየጎኑ ጥቂት ሰከንድ አገላብጠው፣ ይንኮሻኮሻል። ዘይት አታስነካው። የቀረውን ከነእርጥበት መምጠጫ ከረጢቱ በደንብ በሚገጥም ዕቃ ክደነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ካስቀመጥከው ዕቃው ወደ ክፍሉ ሙቀት ሳይመለስ አትክፈተው፤ ላብ ይይዘዋል። ስትጠቀልል የሚያብረቀርቀው ፊት በውጭ በኩል ይሁን።

መልስ 3፦ ለጾም ከሆነ የዳሺ (የጃፓን መረቅ) ዱቄት ስትገዛ ማሸጊያውን አንብብ፣ ብዙው ዓሣ አለበት። ኮምቡ አዮዲን በጣም ይበዛበታል፤ የእንቅርት ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አያዘውትረው።

ጠያቂ፦ ያወጣሁትን ኮምቡ ልጣለው?

መልስ 1፦ ኧረ በፍጹም! በቀጭኑ ክተፈውና በአኩሪ አተር ሶስና በትንሽ ስኳር ውኃው እስኪመጥ አብስለው። ለሩዝ ማባያ ይሆናል።