ከዝናብ በኋላ የተሰነጠቀ የከሰል ማዕድን አፈር ቁልል፦ ተዳፋቱን ማለዘብ ይበቃል?

ጥያቄ፦
በገጸ ምድር የከሰል ቁፋሮ ከከሰሉ በላይ የሚነሳውን አፈርና ድንጋይ፣ ከሰሉ ወጥቶ ባለቀበት የጉድጓዱ ወለል ላይ እየደፋን 60 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ቁልል ሠርተናል። ወለሉ የሸክላ ድንጋይ ሲሆን ወደ ቁፋሮው አቅጣጫ 6 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። በስሌታችን የደህንነት ምጥጥኑ (ቁልሉን የሚይዘው ኃይል ለሚያንሸራትተው ኃይል ሲካፈል) 1.35 ስለነበረ አልሠጋንም፤ ከሰሞኑ ዝናብ ወዲህ ግን ከጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ረጅም ስንጥቅ ታይቷል። ተዳፋቱን ከ37 ወደ 30 ዲግሪ ብናለዝበው ይበቃል?

መልስ 1፦
ችግሩ ያለው ከተዳፋቱ ይልቅ በወለሉ ላይ ይመስለኛል። ከገልባጭ መኪና የሚደፋ ድንጋያማ አፈር በራሱ በ37 ዲግሪ ገደማ ስለሚረጋ፣ በደረቅ ጊዜ ቢናድ እንኳ የሚናደው በአብዛኛው ላይ ላዩ ነው። የሸክላ ድንጋይ ግን ውሃ ሲጠጣ ይላሽቃል፤ ቀድሞ የተንሸራተተ ቀጭን የሸክላ ሽፋን ካለበት ደግሞ የሰበቃ ማዕዘኑ (መንሸራተትን የመቋቋም አቅሙ መለኪያ) ወደ 10 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ስሌቱ የተሠራው ባልተነካ ናሙና ጥንካሬና ያለ ውሃ ግፊት ከሆነ፣ 1.35 የሚለውን ቁጥር ባታምኑት ይሻላል። ለመሆኑ ግርጌው አብጧል?

ጠያቂው፦
አዎን፣ ከግርጌው ፊት ለፊት ያለው ወለል በአንድ በኩል ከፍ ብሏል፤ ከሥሩም ድፍርስ ውሃ ይወጣል።

መልስ 2፦
እንግዲያው ከተዳፋቱ ማዕዘን በፊት ውሃውን ያስቡ። በዌልስ አበርፋን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1966 ተንሸራትቶ 116 ሕፃናትን ጨምሮ 144 ሰዎችን የገደለው ቁልል የተደፋው በምንጮች ላይ ነበር። ያ ቁልል የመጣው ከመሬት ሥር ቁፋሮ ቢሆንም፣ ውሃ ጥንካሬን የሚነጥቅ መሆኑ ግን አንድ ነው። ከቁልሉ ጀርባ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ አስቀይሱ፣ ስንጥቁንም በሸክላ ደፍናችሁ ጥቅጥቅ አድርጉት፤ ክፍት ስንጥቅ ዝናብን በቀጥታ ወደ መንሸራተቻው ገጽ ያደርሳል።

መልስ 3፦
በውሃው ጉዳይ እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ በስንጥቁ ዙሪያ ሠራተኛም ሆነ ዶዘር ከመላኩ በፊት እንቅስቃሴው ይለካ። በየሰዓቱ የሚመዘገበው ፍጥነት እየጨመረ ከሄደ ከሥር ያለው ሰውና ማሽን ሁሉ ይውጣ፣ መድፋቱም ይቁም። ፍጥነቱ ከረጋ ማለዘቡ የሚጀመረው ከአናቱ ክብደት በመቀነስ ነው። ግርጌውን መቆፈር፣ ከሰል ለማውጣትም ቢሆን፣ ቁልሉን የያዘውን ድጋፍ ማንሳት ነው፤ ይልቁንም ውሃ የሚያሳልፍ ጠንካራ ድንጋይ ከፊቱ ይደገፍበት።