የጸጥታው ምክር ቤት ያልወሰነው ማዕቀብ ሕጋዊ ነው? በመተማ በኩል የሚነግድ ድርጅትንስ ይነካል?

ሸምበቆ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እሁድ ጣና ዳር ለምናደርገው የሕግ ክርክር የተሰጠን ጭብጥ ይኼ ነው። መቀመጫው ባሕር ዳር የሆነ ድርጅት ባቄላና ቅመማ ቅመም በመተማ በኩል ለሱዳን ይሸጣል እንበል፤ ክፍያው በዶላር ነው። ገዢው አሜሪካ ማዕቀብ ከጣለችበት ኩባንያ ጋር ንክኪ አለው ይባላል። የእኛ ቡድን «ማዕቀብ የመጣል ሥልጣን የጸጥታው ምክር ቤት ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሕገወጥ ነው» ብሎ ሊከራከር አስቧል። ያስኬዳል? ድርጅቱስ በተግባር ምን ይገጥመዋል? አንቀጽ እየጠቀሳችሁ ብትመልሱልኝ።

ዘጌ፦
በዚህ መስመር ከሄዳችሁ ገና በመጀመሪያው ዙር ትሸነፋላችሁ። «ማዕቀብ» የምንላት ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ጠቅልላ ይዛለች፤ በሕግ ፊት ሦስቱም የሚመዘኑት ለየብቻ ነው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

አንዱ የምክር ቤቱ ማዕቀብ ነው። ምክር ቤቱ በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 39 መሠረት ለሰላም የሚያሰጋ ነገር፣ የሰላም መደፍረስ ወይም ወረራ መኖሩን ይወስንና በአንቀጽ 41 የጦር ኃይል የሌለበት እርምጃ ያዛል። ከ15ቱ አባላት 9 ድምፅ ያስፈልጋል፤ ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱ ከተቃወመ ግን ወድቋል። ካለፈ በአንቀጽ 25 ሁሉም አባል አገር ይገደዳል፤ ከሌላ ውል ጋር ቢጋጭም በአንቀጽ 103 የቻርተሩ ግዴታ ይበልጣል። ኢትዮጵያም የሽብርተኞችን ንብረት ለማገድ ደንብ ቁጥር 306/2006 ያወጣችው ይህን ግዴታ ለመፈጸም ነው (ይኼኛው ዓመት የእኛው ነው)።

ሁለተኛው አንድ መንግሥት ምንም ግዴታ ሳይጥስ የሚወስደው ፊት የማዞር እርምጃ ነው፤ በሙያው ሪቶርሽን ይባላል። እርዳታ ማቆም፣ ቪዛ መንፈግ፣ በችሮታ የሰጠውን መልሶ መውሰድ። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ (አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል) ስትሰረዝ የሆነው ይኸው ነው፤ አጎዋ አሜሪካ በራሷ ሕግ የሰጠችው ዕድል እንጂ ከእኛ ጋር የተፈራረመችው ውል አልነበረም። ሠራተኛ ያስበትናል፣ ያስቆጣል፤ ሕገወጥ ለማለት ግን የተጣሰውን ግዴታ በስም መጥራት አለባችሁ። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1986 ኒካራጓ አሜሪካን በከሰሰችበት ጉዳይ የሄደበት መንገድ እንዲሁ ነበር። ንግድ ማቋረጥን በራሱ እንደ ጣልቃ ገብነት አልቆጠረውም፤ የአሜሪካን እገዳ ሕገወጥ ያለው ሁለቱ አገሮች በ1956 የተፈራረሙትን የወዳጅነትና የንግድ ውል ስለጣሰ ነው።

ሦስተኛው የአጸፋ እርምጃ ነው። በራሱ ሲታይ የሕግ ጥሰት ነው፤ የሚፈቀደው ሌላኛው ወገን አስቀድሞ ስለጣሰ ብቻ ነው። የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን በ2001 ባወጣቸው የመንግሥታት ኃላፊነት አንቀጾች ከ49 እስከ 54 ድረስ ያለውን አንብቡ። ተከራካሪዎች አዘውትረው የሚሰናከሉት አንቀጽ 52 ላይ ነው፦ መጀመሪያ አጥፊውን «ጥሰትህን አቁም» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ እርምጃ ልንወስድ ነው ብሎ ማሳወቅና ለድርድር መጋበዝ። አስቸኳይ ሲሆን ማሳወቁና የድርድር ግብዣው ሊታለፍ ይችላል፤ ከዚያ ውጭ ይህን ዘሎ የተወሰደ እርምጃ ከመነሻው አንካሳ ነው። ከጉዳቱ ጋር መመጣጠን አለበት (51)፣ መሠረታዊ ሰብዓዊ መብት መንካት የለበትም (50)፣ ሌላው ሲታረም ደግሞ ይቆማል (53)። ዓላማው ማሳረም እንጂ መቅጣት ስላልሆነ፣ «ለማስተማሪያ ቀጣናቸው» የሚል ቃል ከአፋችሁ እንዳይወጣ።

ኤልሲ፦
አንቀጹን ለዘጌ ትቼ እኔ ገንዘቡን ልከተል። የባሕር ዳሩ ድርጅት ለአሜሪካ ሕግ ተገዢ አይደለም፤ ዶላሩ ግን ኒውዮርክ ሳይረግጥ ባሕር ዳር አይደርስም። በመሃል ያለው የአሜሪካ ባንክ የላኪውን፣ የተቀባዩንና የየባንኮቻቸውን ስም ኦፋክ ከሚባለው የአሜሪካ ግምጃ ቤት መሥሪያ ቤት የማዕቀብ ዝርዝር ጋር ያመሳክራል።

በመጀመሪያ «ከሱዳን ጋር በዶላር መነገድ ክልክል ነው» የሚባለው ጊዜው ያለፈበት ወሬ ነው። አጠቃላዩ የንግድ እገዳ በኦክቶበር 2017 ተነሥቷል። አሁን ያለው በስም የሚጠራ ዝርዝር ነው። በሜይ 2023 የወጣውን የፕሬዚዳንት ትእዛዝ 14098 ተከትሎ፣ በጁን 1 ከፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ (የሱዳንን ጦር ከሚወጋው ታጣቂ ኃይል) በኩል አል ጁነይድና ትራዳይቭ የተባሉ ኩባንያዎች፣ ከጦሩ በኩል የመከላከያ ኢንዱስትሪዎች ሲስተምና ሱዳን ማስተር ቴክኖሎጂ ገቡበት። በጃንዋሪ 2024 አል ኸሊጅ ባንክም ተጨመረ። ይኼኛውን ልብ በሉ፤ ገዢው ንጹሕ ሆኖ ባንኩ ዝርዝሩ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ቀጥሎ የ50 በመቶ ሕግ አለ። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉ ሰዎች ድርሻ ተደምሮ 50 ከሞላ፣ ኩባንያው በስም ባይጠቀስም እንደታገደ ይቆጠራል። አንዱ 30 ሌላው 20 ቢይዙ በቂ ነው። 49 ከሆነ ወዲያው አይታገድም፤ ባንኩ ግን ፈርቶ ሊመልሰው ይችላል።

መመለስና መታገድ ደግሞ ለየቅል ናቸው። የተመለሰ ክፍያ ወደ ላኪው ይሄዳል። የታገደ ግን አይመለስም፤ ወለድ በሚታሰብበት የታገደ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ባንኩ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ለኦፋክ ያሳውቃል፤ ለማስለቀቅ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። ባቄላው ገላባት (ከመተማ ማዶ ያለችው የሱዳን ከተማ) ተሻግሮ ገንዘቡ ኒውዮርክ ከቀረ ሻጩ ሁለቱንም አጣ ማለት ነው። ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት የገዢውን የንግድ ፈቃድ፣ የባለድርሻዎቹን ስም ከነመቶኛው፣ የሚከፍልበትን ባንክ ከነስዊፍት ኮዱ ተቀበሉ። መኪናው ድንበሩን የሚሻገረው ክፍያው ከገባ በኋላ እንዲሆን፣ ክፍያ ቢታገድ ኪሳራው የማን እንደሆነም ውሉ ላይ ይጻፍ።

አንዳንዱ «እኛ የምንልከው ምግብ ነው፣ የሰብዓዊ ፈቃድ ይሸፍነናል» ይላል። በዲሴምበር 2022 የወጣው የምክር ቤቱ ውሳኔ 2664 ከምክር ቤቱ የንብረት እገዳ ነጻ ያደረገው የሰብዓዊ እርዳታ ሥራን ነው። ለትርፍ የሚነግድ ላኪ በእርዳታ ድርጅት ጃንጥላ ሥር ልጠለል ቢል አያስጠልለውም።

ደቅ፦
ልጆች፣ የኢትዮጵያን ስም ይዛችሁ ስለ ማዕቀብ ስትከራከሩ 1935ን እንዳትዘሉት። የመንግሥታት ማኅበር ጣሊያንን በቃል ኪዳኑ አንቀጽ 16 አጥፊ ብሎ፣ ማዕቀቡ ከኖቬምበር 18 ቀን 1935 ጀምሮ ሠራ። የጦር መሣሪያ ተከለከለ፣ ብድር ተከለከለ፣ የጣሊያንን ዕቃ መግዛት ተከለከለ። ነዳጅ፣ ከሰልና አረብ ብረት ግን አልተነኩም፤ የስዊዝ ቦይም ክፍት ነበር። መኪናውና አውሮፕላኑ የሚነዳበትን ትቶ ሌላውን መከልከል ምን እንደሚያመጣ በዓይን ታየ፤ በ1936 ጎንደርም ባሕር ዳርም ተያዙ። ጃንሆይ ጁን 30 ቀን ጄኔቫ ላይ ተናገሩ፣ ጁላይ 15 ቀን ማዕቀቡ ተነሣ። በሕግ በኩል የነበረው ቀዳዳ፣ አጥፊ መኖሩንም ምን እንደሚደረግም የሚወስነው እያንዳንዱ አባል ለየራሱ መሆኑ ነው። የቻርተሩ አንቀጽ 25 የተጻፈው ያን ቀዳዳ ለመድፈን ነው።

ካሳንና ማዕቀብንም አታምታቱ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ የተሠራበት የጣሊያን ገንዘብ ካሳ ነው፤ መሠረቱ የ1947ቱ የሰላም ውል ነው። ካሳ የደረሰን ጉዳት ይከፍላል፣ ማዕቀብ ገና የቀጠለን ጥፋት ለማስቆም ነው።

ሸምበቆ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ ደቅም ያክብርልኝ። መስመራችንን ቀይረናል። ሁለት ነገር ቀረኝ። በቀጥታ ያልተጎዳ ሦስተኛ አገር የአጸፋ እርምጃ መውሰድ ይችላል? ምክር ቤቱ የጣለው ማዕቀብስ ምክንያቱ ሲያበቃ በራሱ ይወድቃል?

ዘጌ፦
ለመጀመሪያው ኮሚሽኑ ራሱ አልቆረጠም፤ አንቀጽ 54 ጉዳዩን ክፍት ትቶታል፣ «ሕጋዊ እርምጃዎች» ብሎ አልፏል። አንዱ ወገን «ተፈቅዷል»፣ ሌላው «ተከልክሏል» ብሎ ቢምል ሁለቱም ከጽሑፉ በላይ እየሄዱ ነው። ከዚህ ይልቅ የናንተ ጠንካራ ነጥብ ሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ አለ።

በራሱ የሚወድቀው የጊዜ ገደብ ከተጻፈበት ብቻ ነው። በሜይ 2000 በኢትዮጵያና በኤርትራ ላይ የተጣለው የመሣሪያ እገዳ (ውሳኔ 1298) 12 ወር ተብሎ ስለተጻፈ በ2001 አበቃ። በዲሴምበር 2009 በኤርትራ ላይ የተጣለው ማዕቀብ (ውሳኔ 1907) ግን ማብቂያ ቀን አልነበረውም፤ ለማንሣት አዲስ ውሳኔ አስፈለገና እስከ ኖቬምበር 2018 (ውሳኔ 2444) ቆየ። ቀን ያልተቆረጠለትን ማዕቀብ ለመጣል ቋሚ አባላቱ ሁሉ አለመቃወማቸው ያስፈልጋል፤ ለማቆየት ግን አንዱ ብቻውን ይበቃል፣ የማንሻውን ውሳኔ ይሽረዋል። በኢራቅ ላይ ማዕቀብ የጣለው ውሳኔ 661 በ1990 ሲወጣም ቀን አልነበረውም። የምክር ቤቱን ማዕቀብ ከፍትሐዊነት አንጻር መተቸት ካሻችሁ እዚህ ላይ ግፉ፤ ዳኛ የሚጠይቃችሁም ይህንኑ ነው።

ኤልሲ፦
አንድ የረሳሁት። ከእኛ ሰው ክፍያ ብዙውን ጊዜ የሚያዘው በማዕቀብ ሳይሆን በስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ማመሳከሪያው ሶፍትዌር የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዳል። በዚያ ላይ «መሐመድ» በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋል። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ሳትቀይሩ ውሉ፣ ኢንቮይሱና የባንክ ማዘዣው ላይ አድርጉት። ስሙ ከተመሳሰለ ባንኩ ማብራሪያ ይጠይቃል፤ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የፓስፖርት ቁጥር ባንድ ጊዜ ላኩ። በየተራ እያንጠባጠቡ የላኩ እንደሆነ በየተራው እንደ አዲስ ወረፋ ይያዛል።