የክረምት ባስኬት ስልጠና ላይ ኮቹን ላግዝ ነው፤ ረዳት በትክክል ምንድነው የሚሠራው?

የጎፋ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሰፈራችን ባለ ትምህርት ቤት ለልጆች የባስኬት ስልጠና ሊጀመር ነው። አሰልጣኙ የድሮ ተጫዋች ነው፣ «ና አግዘኝ» አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለዲፓርትመንት ተጫውቻለሁ እንጂ አሰልጥኜ አላውቅም። ልጆቹ ከ9 እስከ 13 ዓመት ናቸው፣ ሴትም ወንድም። ወደ 30 ይሆናሉ ተብሏል። ኳስ 8 አለ፣ ሁለቱ ግን አየር አይይዙም። ሜዳው ሲሚንቶ ነው፣ ጣሪያ የለውም፣ የአዲስ አበባን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ኮን ከመደርደርና ኳስ ከመልቀም ሌላ የረዳት ሥራ ምንድነው? ደግሞ ኮቹ ጩኸት ያበዛል። ልጅ ሲቆጣ መሃል ልግባ ወይስ ዝም ልበል?

ፊሽካ፦
ኮን መደርደሩን አትናቀው። ዋናው ሥራህ ግን ሰልፍ ማጥፋት ነው። 30 ልጅ በአንድ ሰልፍ ቆሞ ሌይአፕ (ሮጦ ቅርጫቱ ሥር ዘሎ ማስገባት) ሲጠብቅ አስበው። ፊት ያለው ይሞክራል፣ ይስታል፣ ኳሱ አጥር ሥር ይገባል፣ ከኋላ ያሉት መገፋፋት ይጀምራሉ፣ ከዚያ ኮቹ ይጮሃል። ግማሹ ጩኸት ከሰልፉ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ልጆቹን ሦስት ቦታ ክፈሏቸው። አሥሩ በአንዱ ቅርጫት ከኮቹ ጋር ሌይአፕ፣ አሥሩ ካንተ ጋር ፓስ፣ የቀሩት ደግሞ ኳስ የማይፈልግ ነገር ይሥሩ፦ የዲፌንስ እርምጃ፣ ሮጦ በሁለት እግር ቀጥ ማለት፣ ፒቮት (አንድ እግር ተክሎ መዞር)። እነሱን አንዱ ትልቅ ልጅ ይመራቸዋል፣ አንተ በዓይንህ ትጠብቃለህ። ደህናዎቹ ስድስት ኳሶች ይበቃሉ፣ ሦስቱ ለኮቹ፣ ሦስቱ ላንተ። በየአሥር ደቂቃው ፊሽካ፣ ቦታ መቀያየር። መጨረሻ ላይ ሦስት ለሦስት አጫውቷቸው፣ የሚመጡት ለእሱ ነውና።

ሌይአፕ ስታስተምር ድሪብሉን (ኳስ እያነጠሩ መሄዱን) መጀመሪያ እርሳው። በቀኝ የሚያስገባ ልጅ በእርምጃ ብቻ «ቀኝ፣ ግራ፣ ዝለል» እያለ ይለማመድ። እግሩ ከገባው በኋላ ኳስ ስጠው።

አንድ ነገር ደግሞ እዩ፣ ኳሶቹ ስንት ቁጥር ናቸው? 7 ቁጥር ወደ 600 ግራም ይመዝናል፣ የአዋቂ ወንዶች ኳስ ነው። ለ9 ዓመት ልጅ የሚሆነው 5 ቁጥር ነው፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ። ቅርጫቱም 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ላይ ነው ያለው። በሚኒ ባስኬት (በልጆች ባስኬት) ወደ 2 ሜትር ከ60 ይወርዳል፣ የእኛ ሜዳዎች ላይ ግን ብረቱ ተበይዷል፣ አይወርድም። ትንሹ ልጅ ከባዱን ኳስ እዚያ ለማድረስ ከወገቡ ጀምሮ ይወረውረዋል፣ ከዚያ ያ አጣጣል ይለምድበትና ማስተካከሉ ዓመት ይፈጃል። ግድግዳ ላይ በጠመኔ ክብ ሥሩላቸውና እሱን ይምቱ። ክርን ከኳሱ ሥር፣ እጅ ከጣሉ በኋላ ወደ ላይ ተዘርግቶ ይቆይ። ለጊዜው ይሄ በቂ ነው።

አሮጌው ሜዳ፦
እኛ በኩርኩም ነው የሰለጠንነው፣ ማን ሞተ? የዛሬ ልጅ ትንሽ ካልተጮኸበት አይሰማም። ኮቹን ተወው፣ ሥራውን ያውቃል።

አራት ቁጥር፦
@አሮጌው ሜዳ ማንም አልሞተም፣ ግን ስንቱ ትቶ እንደሄደ ቆጥረሃል? እኔ በክለብ የተጫወትኩ ሴት ነኝ። አብረውኝ ከጀመሩት ሴቶች ብዙዎቹ የቀሩት ኳስ ስለከበዳቸው አይደለም።

ወንድሜ፣ ልጆቹ ፊት ከኮቹ ጋር አትከራከር። የተቆጣውን ልጅ ትንሽ ቆይተህ ጠጋ በለውና ምን ማስተካከል እንዳለበት በአንድ ቃል ንገረው። ኮቹን ስልጠናው ካለቀ በኋላ ሻይ እየጠጣችሁ አውራው። ክብሩን ከጠበቅህለት ይሰማሃል። እጁን ካነሳ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ያኔ እዚያው መሃል ግባ።

ሴቶቹን እያቸው። ጨዋታ ሲጀመር ወንዶቹ እርስ በርስ ይቀባበላሉ፣ ሴቶቹ ጥግ ቆመው እጃቸውን ያነሳሉ። «በርቱ፣ ለእሷም ስጧት» ማለት አይሠራም፣ ሕግ አውጣ። የቡድኑ ልጆች በሙሉ ሳይነኩት የገባ ኳስ አይቆጠርም በል። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፣ ከዚያ ራሳቸው ስሟን ይጠራሉ። ዘለው ሲያርፉ ደግሞ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ እንዳይገባ አስተምር፣ በተለይ አደግ ያሉትን ሴቶች። የጉልበት ጅማት ጉዳት በሴቶች ላይ ይበዛል።

ሌላው ፍልሰታ ነው። ነሐሴ 1 ሲገባ ከልጆቹ ግማሹ ይጾማል። ቅዳሴው እኩለ ቀን ገደማ ስለሚጀመር የሚቆርቡት እስከ ከሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። አንተ ጠዋት አስሩጠህ ከለቀቅካቸው ያን ሁሉ ሰዓት በጥም ይቆያሉ ማለት ነው። «ማነው የሚጾመው?» ብለህ በሰው ፊት አትጠይቅ፣ ያልጾመው ያፍራል። ከወላጆች ቀድመህ እወቅ፣ በእነዚያ ቀናት ሩጫውን ቀንስና ፍሪ ስሮው (ከመስመር ቆሞ ማንም ሳይከላከል መጣል) እና የእግር አረጋገጥ ላይ አተኩር። ነጥብ መዝጋቢና ዳኛ መሆንም ይወዳሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ ሜሪላንድ የልጆች ካምፕ ላይ የሚሠራ ሰው የወንጀል ነፃ ማጣሪያ ያልፋል። እዚያ ባይጠየቅ እንኳ ሁለት ነገር አትርሳ፦ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻህን ዝግ ክፍል አትግባ፣ የወላጆች ስልክ ደግሞ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሜዳው ላይ ይኑር። ስልክህ ባትሪ ሲጨርስ ነው ልጅ ቁርጭምጭሚቱ የሚዞረው። ሲዞር በረዶ በጨርቅ ጠቅልለህ አድርግለት፣ እግሩን ከፍ አድርግ፣ «ተራመድበት ይፍታታል» የሚል ሰው እንዳታስጠጋ። ማሸትም የለም።

ነጎድጓድ ከሰማችሁ ሁሉም ከሜዳ ይውጣ፣ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ቅርጫቱ የቆመበት ብረት ሥር ማንም እንዳይጠለል።

የጎፋ ልጅ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ። ፍልሰታውን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ኳሶቹን አየኋቸው፣ አምስቱ 7 ቁጥር ናቸው፣ 5 ቁጥር አንድም የለም። ዝናቡስ? ጠዋት 2 ሰዓት ብንጀምር ይሻላል አይደል?

ፊሽካ፦
አዎ፣ የአዲስ አበባ ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው። ሌሊት የዘነበው ግን ሜዳው ላይ ይቆያል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጥታችሁ በመጥረጊያ ግፉት። ጥላው ሥር ያለው ቦታ ካልደረቀ እዚያ አታስሩጡ፣ በኮን ዝጉት። ትልቅ ኳስ ብቻ ከሆነ ትንንሾቹ ፓስና ድሪብል በእሱ ይሥሩ፣ ሹት ግን በቅርብ ብቻ።

አየር የማይይዙትን ሁለቱን አትጣል። ነፍተህ አየር መንፊያው ቀዳዳ ላይ የሳሙና ውሃ አድርግ። አረፋ ካወጣ ችግሩ ቀዳዳው ነው፣ ጎሚስታ ጋ ውሰደው፣ አንዳንዱ ይሠራዋል። ስትነፋም መርፌውን ሳታርስ አታስገባ፣ ደረቅ መርፌ ነው ብዙውን የሚያበላሸው።