ሐዋሳ ላይ ሊኑክስ ለጫናችሁ፦ የዋይፋይ ድራይቨር ጥቆማ

አምና ክረምት ላፕቶፔ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫንኩ። ድምፁም ካሜራውም ሠራ፤ ዋይፋዩ ግን ጭራሽ አይታይም። ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ አየት አደረገና «እህቴ፣ ሊኑክስ ድራይቨር የለውም። ዊንዶውስ ልመልስልሽ?» አለኝ። (ድራይቨር ማለት ላፕቶፑ እንደ ዋይፋይ ካርድ ያለውን ዕቃ እንዲጠቀምበት የሚያደርገው ፕሮግራም ነው።) የማየት ሂሳብ ከፍዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም ሳስተካክል ከርሜአለሁ፤ እናንተም በከንቱ እንዳትከፍሉ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና ስልኩ ላይ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ፣ ማለትም የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ለላፕቶፑ የሚያካፍለውን፣ ክፈቱ። ገመዱ ግን ቻርጅ ብቻ ሳይሆን ዳታም የሚያስተላልፍ ይሁን። ሊኑክስ ምንም ድራይቨር ሳይጠይቅ በስልኩ ዳታ ኢንተርኔት ይገባል። ከዚያ ኡቡንቱ ላይ «ተጨማሪ ድራይቨሮች»፣ ሚንት በሚባለው ሌላው ሊኑክስ ላይ ደግሞ «ድራይቨር ማኔጀር» የሚለውን ክፈቱ። የዋይፋይ ካርዱ ሥሪት ብሮድኮም ከሆነ፣ በቆዩ ዴሎች፣ ኤችፒዎችና ማክቡኮች ላይ እንደሚገኘው፣ ብዙ ጊዜ መፍትሔው እዚያው አለ። ኢንቴል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይሠራል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሴኪዩር ቡት (ላፕቶፑ ሲነሳ ያልታወቀ ሶፍትዌር የሚያግደው መከላከያ) ከበራ፣ ድራይቨሩ ሲጫን ፓስወርድ አውጡ ይላችኋል። ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ ፓስወርድ አስገቡ። ይሄን ገጽ ሳትሞሉ ካለፋችሁት ድራይቨሩ ተጭኖም አይሠራም። የኔም ችግር ይኸው ነበር።

ካርዱ እምቢ ካለ ዩኤስቢ ዶንግል፣ ማለትም በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ ዕቃ፣ መግዛት ነው። እዚህ ላይ ሰው በጣም ይሸወዳል፤ ወሳኙ የካርቶኑ ስም ሳይሆን ውስጡ ያለው ቺፕ ነው። ለምሳሌ ቲፒ ሊንክ 722ኤን የሚባለውን ዶንግል እንይ። ቨርዥን 1 አቴሮስ ቺፕ ነው፤ ሰካችሁ፣ ሠራ። ቨርዥን 2 እና 3 ግን ሪልቴክ የሚባል ሌላ ቺፕ ናቸው። ስሙ አንድ፣ ሆዱ ሌላ።

እኔ ለሰው የምመክረው ሚዲያቴክ 7601 የሚባል ቺፕ ያለበትን ትንሽ ዶንግል ነው። ድራይቨሩ ከ2015 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ አለ። ፍጥነቱ መካከለኛ ነው፤ ፈጣኑን የ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይም አይዝም፤ ግን አያስቸግርም። ፈጣን ከፈለጋችሁ ሚዲያቴክ 7612 ጠይቁ። ሪልቴክ 8812ኤዩን ግን ሊኑክሳችሁ አዲስ ካልሆነ ተዉት። ድራይቨሩ ከርነሉ (የሊኑክስ ዋናው እምብርት) ውስጥ የገባው ቨርዥን 6.14 ላይ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ላይ ድራይቨሩን ራሳችሁ ከኮዱ ኮምፓይል ታደርጋላችሁ (ትገነባላችሁ)፤ ከርነል ሲታደስ ደግሞ የሚበላሽበት ጊዜ አለ። ፈተና ላይ ያለ ተማሪ ይሄን አይችልም።

አረብ ሰፈርም ግዙ ፒያሳ፣ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው ባንኮኒው ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ lsusb ብላችሁ ብትጽፉ የቺፑ ስም ይወጣል። አንዳንዱ ሪልቴክ መጀመሪያ እንደ ሲዲ ሆኖ ይታያል፤ ኢጀክት ስታደርጉት ወደ ዋይፋይ ይቀየራል። ቶሎ ተበላሽቷል አትበሉ።

ለድራይቨር ጥገና ቤት አልመክርም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ሶፍትዌር የሚማር፣ ራሱ ሊኑክስ የሚጠቀም ልጅ ይሻላችኋል። ጥገና ቤት የሚያስፈልገው ላፕቶፑ ተከፍቶ ካርዱ ሲቀየር ነው፤ በዚያ ሥራ እጃቸው ጥሩ ነው። ግን አንዳንድ የቆዩ ኤችፒዎችና ሌኖቮዎች ባዮሳቸው (ላፕቶፑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የማያውቀውን ካርድ አይቀበሉም። ካርዱ ካልሠራ እንደሚመልሱላችሁ ቀድማችሁ ተስማሙ።

ፕሪንተር ለምትጠይቁኝ፦ ኤችፒ ይሻላችኋል፤ ኤችፒሊፕ የሚባለውን የፕሪንተር ፕሮግራም ጫኑ። እንደ ሌዘርጄት ፒ1102 ያሉት ተጨማሪ ፕለጊን ይጠይቃሉ፤ እሱን ለማውረድ ኢንተርኔት ይኑራችሁ።

አቶቴ በኩል ሊኑክስ የሚያውቅ ጠጋኝ ያገኘ ካለ ይጠቁመኝ። የእህቴን ላፕቶፕ ካርድ ማስቀየር እፈልጋለሁ።