የሴቶቹ ምሽት፦ አዳራሹ ለቴኳንዶ፣ ለቦክስ ወይስ ለጁዶ? (ሐዋሳ)

የኮሚቴው ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ የሰፈራችን ሰዎች። የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከ12፡00 እስከ 1፡30፣ እሁድ ደግሞ ጠዋት ላይ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ ለሴቶች ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። ያልተወሰነው ምን ይሰልጥኑበት የሚለው ነው። ሦስት አሰልጣኞች አመልክተዋል፤ አንዱ የቴኳንዶ፣ አንዱ የቦክስ፣ አንዱ የጁዶ (ተያይዞ የመጣል ትግል)። ተመዝጋቢዎቹ 38 ደርሰዋል። አብዛኞቹ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልጆች ናቸው፤ ከየወረዳው መጥተው አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል የተከራዩ፣ ሰርቪሱ አስፋልት ላይ አውርዷቸው የቀረውን በእግራቸው የሚገቡ። መመዝገቢያው ላይ «ለምን መሰልጠን ፈለግሽ?» የሚል ቦታ ነበር። ብዙዎቹ «ለጤና» ብለው አለፉት። አንዷ ግን «እየፈራሁ ቤቴ መግባት ሰለቸኝ» ብላ ጻፈች። እሷን ካነበብኩ ወዲህ የትኛው ስፖርት ሜዳልያ ያመጣል የሚለው ነገር ከሐሳቤ ወጥቷል። ቅዳሜ እንሰበሰባለን። የምትሉትን ከነምክንያቱ ጻፉልን።

ማስተር (ቴኳንዶ)፦
ካመለከቱት አንዱ እኔ ነኝ፤ ይህን አውቃችሁ አንብቡኝ። 14 ዓመት አስተምሬያለሁ። ቴኳንዶ ብዙ ዕቃ አይፈልግም፤ ሲሚንቶ ወለል ላይም ይሠራል፤ 40 ሰው በአንድ ጊዜ አሰልፋለሁ። የደረጃ ቀበቶውንም አትናቁት። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ የዋለች ልጅ «ዛሬስ ልቅር» ስትል ከአልጋዋ የሚያስነሳት ቀጣዩ ቀበቶ ነው። እግር ከእጅ ይረዝማል፣ ይጠነክራልም፤ ቀጭን ልጅ ግዙፉን ሰውዬ ሳይጠጋት ልታስቆመው የምትችለው በእግሯ ነው። እንደ ፈረንጆቹ ከ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ ጀምሮ የሜዳልያ ስፖርት ነው፤ በቶኪዮው ኦሎምፒክም ሰለሞን ቱፋ በ58 ኪሎ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። ልጆቻችን ያዩት መንገድ ነው።

ልብስ ስፌት የምሠራው፦
ማስተር፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። የእርስዎ ተማሪ አልነበርኩም፤ ሌላ ቦታ ስምንት ወር ቴኳንዶ ሠርቻለሁ። ጥቅሙን አልክድም። ማሽን ላይ አጎንብሶ ከመዋል የመጣ የወገብ ሕመም ነበረኝ፣ በሁለት ወር ለቀቀኝ። እንቅልፌም ተስተካከለ።

አምና ነሐሴ ላይ ግን አምሽቼ ስገባ መብራት ጠፍቷል፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። አንድ ሰው ከኋላዬ መጥቶ በአንድ እጁ ነጠላዬንና የቦርሳዬን ማንገቻ አንድ ላይ ጨበጠ፣ በሌላው ክንዴን ያዘ። የተማርኩት ሁሉ አንድ እርምጃ ወደኋላ ብሎ መቆምን ይፈልጋል። እኔ ግን ወደኋላ የምልበት ቦታ አልነበረኝም፤ ኋላዬ እሱ ነው። ዞሬ እግሬን ላነሳ ስል ቀሚሱ ጉልበቴ ላይ ያዘኝ። የቆምኩበት እግር ጭቃው ላይ ሸተት አለና በጀርባዬ ወደቅሁ። እጄን ወደኋላ ሰድጄ ልደገፍ ብል ክርኔ ተጎዳ፤ ሦስት ሳምንት ማሽን ላይ አልተቀመጥኩም። የተረፍኩት በጩኸቴ ነው። አንድ ባጃጅ መብራቱን ወደ እኛ ሲያዞር ሰውዬው ሮጠ።

ለአሰልጣኜ ስነግረው «ትኩረት አጥተሽ ነው» አለኝ። በስምንት ወር ውስጥ አንድም ቀን፣ አንድም ሰው ክንዴን ጨምድዶ ይዞ «በይ አስለቅቂ» ብሎኝ አያውቅም።

ማስተር (ቴኳንዶ)፦
እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ እህቴ። ያ የተባልሽው ትክክል አይደለም፤ ጥፋቱ የአስተማሪው ነው። በቴኳንዶ ውስጥ ሆሲንሱል የሚባል ክፍል አለ፤ ራስን መከላከል ማለት ነው። ሲይዙሽ ማስለቀቅ፣ ሲያንቁሽ መውጣት እዚያ ውስጥ አለ። ብዙ ቦታ ግን የሚሠራው የቀበቶ ፈተና ሲቃረብ ነው፤ ያውም የሚይዘው ልጅ እየተባበረ። ይህን የምናገረው በራሳችን ላይ ነው። ጉድለቱ ግን የአሰጣጡ እንጂ የስፖርቱ አይደለም።

ቦክስ የምሠራ፦
ማስተር እውነቱን ተናገሩ። እኔ የምጨምረው የውድድሩ ሕግም አለበት ብዬ ነው። በወርልድ ቴኳንዶ፣ ማለትም የኦሎምፒኩን ቴኳንዶ በሚመራው ፌዴሬሽን ውድድር፣ ፊት ላይ ቡጢ ክልክል ነው። ደረት ላይ ቡጢ 1 ነጥብ፣ ደረት ላይ ካልቾ 2፣ ጭንቅላት ላይ ካልቾ 3፤ ዞሮ ለመታ ደግሞ ይጨመርለታል። ሰው የሚሰለጥነው ነጥብ ወዳለበት ነው፤ ፊቱን በቡጢ የሚነካው ስለሌለ እጁን ጥሎ መቆም ይለምዳል። አይ ቲ ኤፍ የሚባለው ሌላው የቴኳንዶ ፌዴሬሽን ፊት ላይ ቡጢ ስለሚፈቅድ በዚህ ይሻላል።

ቦክስ የሚሰጠውን በአንድ ነገር ላሳያችሁ። የመጀመሪያ ቀን ፊትሽ በጓንት ለስለስ ብሎ ሲነካ ዓይንሽ ይጨፈናል፣ ትንፋሽሽ ይቆማል፣ እጅሽ ይወርዳል። ከወር በኋላ ዓይንሽ አይጨፈንም። ያቺ ልጅ ያኔ ዓይኗ ክፍት ቢሆን ኖሮ ሰውዬው እጁን ከየት እንዳመጣ ታይ ነበር። ገመድ መዝለሉና የሦስት ደቂቃው ዙር ለልብ የሚያደርገውን ደግሞ የሞከረ ያውቀዋል።

ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ፦
ወንድሜ፣ ያልከውን አልነቅፍም፤ እኔ ዘንድ የሚመጣው ግን ሌላኛው ጫፍ ነው። ጭንቅላት እንደ ጡንቻ በመመታት አይጠነክርም። ተመትታ ራሷን ያመማት፣ ያስታወካት ወይም ነገር የተምታታባት ልጅ ያን ቀን ስልጠናዋ አበቃ፤ ሐኪም ሳያያት አትመለስም። ሁለተኛው እጅ ነው። በጓንት የለመደ ሰው ባዶ ቡጢውን ሰው ራስ ላይ ሲያሳርፍ ከትንሿ ጣት በታች ያለው የመዳፍ አጥንት ይሰበራል። ጀሶ ያሰርኩላቸው ብዙ ናቸው። የስፌት ሠራተኛ እጅ እንጀራዋ ነው። ከመቱም በመዳፋቸው ግርጌ መምታት ይልመዱ። ሳክ (የሚንጠለጠለውን ከረጢት) እና ፓድ (በእጅ የሚያዘውን ትራስ) መምታቱን እደግፋለሁ፤ ጭንቅላት ለጭንቅላት መፋለሙን ግን ለእነዚህ ልጆች አልፈቅድም።

ለጤናው ነገር ብዙ ጊዜ አንጨርስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከሦስቱ ቀን ሁለቱን ብቻ የመጣች ልጅ 180 ደቂቃ አገኘች፤ የትኛውም ስፖርት ይሁን።

የሦስት ሴት ልጆች አባት፦
እኔ ከሁላችሁም እለያለሁ። ልጅቷ ምን አጠፋችና ነው መደባደብ የምትማረው? መንገዱ ጨለማ ነው፤ መብራት ይተከል። ሰርቪሱ አስፋልት ላይ ያወርዳል፤ እስከ ሰፈር ያድርስ። ሸክሙን ሁሉ ሴቷ ጀርባ ላይ ጭነን «አንቺ ጠንክሪ» እያልን ነው። ደግሞ የሦስት ወር ስልጠና ይዛ ስለት ከያዘ ሰው ጋር የምትገጥም ልጅ ታስፈራኛለች። የእኔ ልጅ ቦርሳዋን ጥላ ብትሮጥ እመርጣለሁ።

ልብስ ስፌት የምሠራው፦
ጋሼ፣ መብራቱን እኔም እፈልገዋለሁ፤ ሰርቪሱንም። ግን በጠራራ ፀሐይ ታክሲ ውስጥ፣ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ በሚያውቀኝ ሰው እጄ ተይዞ ያውቃል። እዚያ መብራት አለ። ቦርሳዬንማ ያን ቀንም በሰጠሁት፤ የያዘው እኔን ነበር። ለመሮጥ መጀመሪያ እጄ መለቀቅ አለበት።

የሕግ ተማሪ፦
ጋሼ ያነሱት ስጋት በሕጉም ቦታ አለው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከል አያስቀጣም፤ ጥቃቱ ሕገወጥ ከሆነ፣ እየደረሰ ወይም ሊደርስ ከሆነ፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር ከተመጣጠነ። አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ስላለፈ ሰው ነው፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቃልላል፣ ከፍርሃት ወይም ከድንጋጤ የተነሳ ከሆነ ያለ ቅጣት እስከማለፍም ሊደርስ ይችላል። ጥሏት የሮጠውን አሳድዳ ብትመታው ግን መከላከል አይባልም። ማንም ያሰልጥን፣ አስለቅቆ መሄድን የስልጠናው መጨረሻ አድርጎ ያስተምር።

የባጃጅ ሹፌር፦
ክራቭ ማጋ የሚባለው የእስራኤሎቹ ራስን መከላከያ ለምን አይሆንም? ለመንገድ ጠብ የተሠራው እሱ ነው ይባላል።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦
ያመለከተ የለም ወንድሜ። ከስልክ ላይ ቪዲዮ አይቶ ለሚያሠራ ሰው ደግሞ 38 ልጅ አልሰጥም።

ጁዶ የማሠራው፦
ዝም ያልኩት ሌሎቹ እስኪጨርሱ ነው። ጁዶን ጂጎሮ ካኖ የሚባል ጃፓናዊ በ1882 እ.ኤ.አ. የጀመረው ጁጁትሱ ከሚባለው አሮጌ የጃፓን ፍልሚያ ውስጥ አደገኛውን አውጥቶ፣ ሰው በሙሉ ኃይሉ እየታገለ ሳይጎዳ የሚለማመድበት አድርጎ ነው። ዋናው ነገር ይህ ነው። በእኛ ልምምድ ውስጥ የምትይዘው ልጅ አትተባበርሽም፤ ልትጥልሽ ነው የምትፈልገው፣ በየቀኑ።

ልብስ የምትሰፋው እህቴ ላይ ከደረሰው ልነሳ። ክርንሽ የተጎዳው እጅሽን ወደኋላ ስለሰደድሽ ነው። የመጀመሪያውን ወር የምናስተምረው መውደቅ ነው፤ አገጭ ወደ ደረት፣ ጀርባ ክብ፣ ክንድ ጎንሽ ላይ ከእጅ እስከ ክርን መሬቱን ጠፍ። ጭንቅላት እንዳይነካ፣ እጅም ብቻውን ክብደት እንዳይሸከም። መውደቅን የማይፈራ ሰው ሲያዝ አይደርቅም። ከዚያ መያዝ ይመጣል። ለቦክሰኛ መያዝ ዳኛው «ልቀቁ» የሚልበት ነው፤ ለእኛ መጀመሪያው ነው። አገራችንም ትግል ያውቃል፤ ገጠር ያደጉት ልጆች ሚዛን ማሳጣትን ሜዳ ላይ ተምረውት መጥተዋል።

አንድ ነገር ግን ልናገር። ፍራሽ በሌለበት፣ በዚያ ሲሚንቶ ላይ አላሠራም። ካልተገኘ ለማስተር ስጡት።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦
በዚህ ሳምንት ሦስቱም የሚያሠሩበት ሄጄ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ማስተር ጋ ሥርዓቱ ያስቀናል፤ 30 ልጅ በአንድ ድምፅ ሲንቀሳቀስ ላብ እየጠፈጠፈ ነው፤ ግን ሰዓት ይዤ ስቆጥር ልጆቹ እርስ በርስ የተነካኩት ከ90 ደቂቃ 12ቱን ብቻ ነው። ቦክሱ ጋ ሳኩ ደስ ይላል፤ ሴት ግን ሁለት ብቻ ነበረች፣ ለእነሱ የሚመጥን ጓደኛ አጥተው አየር ይመታሉ። ጁዶው ጋ አንዲት 50 ኪሎ የማትሞላ ልጅ ከሷ የምትከብደው አንገትጌዋን ይዛት ስትጎትታት አየሁ። አልጣለቻትም። ግን አልደነገጠችም፤ ፊቷን ሳየው እያሰበች ነበር፣ እግሯን እየቀየረች፣ እጇን በአውራ ጣቷ በኩል እየጠመዘዘች አስለቀቀች። መመዝገቢያው ላይ «እየፈራሁ» ያለችው ልጅ ይህን ፊት እንድታገኝ እፈልጋለሁ።

የእኔ ድምፅ ለጁዶ ነው። ሳኩም ይሰቀል፤ ማሞቂያው ላይ በመዳፍ ይምቱ። ፍራሽ ካልተገኘ ደግሞ ለማስተር፤ ግን በየክፍለ ጊዜው ግማሹ ሆሲንሱል እንዲሆን፣ የሚይዘውም እንዳይተባበር በጽሑፍ እንስማማ።

ማስተር (ቴኳንዶ)፦
አልስማማም፣ ግን ያየሽውን ስላየሽ አመሰግናለሁ። 12 ደቂቃ ማለትሽ አሳምሞኛል፤ እኔም ነገ ሰዓት እይዛለሁ። ጥያቄዬ አሁንም አንድ ነው፤ ጁዶ ለመውደቂያ ቦታ ይፈልጋል፤ በዚያ ወለል በአንድ ጊዜ 16 ሰው ብቻ ቢሠራ የቀሩት 22 ልጆች የት ይሂዱ? እነሱም በዚያው መንገድ ነው የሚገቡት።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦
ለዚህ መልስ የለኝም። ቅዳሜ የመጀመሪያው ነጥብ ይሁን፤ ምናልባት ማክሰኞን ለአንዱ፣ ሐሙስን ለሌላው ቡድን፣ እሁድን ለሁለቱም በየተራ። መምጣት ከቻሉ ማስተር፣ ቢመጡ ደስ ይለኛል።

የሦስት ሴት ልጆች አባት፦
በሐሳቤ እንደጸናሁ ነኝ። የመብራቱን ደብዳቤ አጀንዳ ካላደረጋችሁ ቅዳሜ ተነስቼ እናገራለሁ። ከወደቁ ግን ሲሚንቶ ላይ አይውደቁ። የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ፤ ሰጋቱራ በየሳምንቱ በማዳበሪያ ሞልቶ ይጣላል። ከታች ሰጋቱራ፣ ከላይ ሸራ ቢሆንስ?

ጁዶ የማሠራው፦
ጋሼ፣ ይሆናል! ስንዝር ያህል ጠቅጥቀን፣ ዙሪያውን በእንጨት ከልለን፣ ሸራውን በደንብ ከወጠርነው ይሠራል። ሸራው ከተጨማደደ ግን የእግር ጣት ይሰብራል።

ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ፦
ሰጋቱራው ይነፋ። ሚስማርና ስንጥር እንዳይኖርበት። እርጥብም እንዳይሆን፣ ይሻግታል።

የሦስት ሴት ልጆች አባት፦
እኔው እነፋዋለሁ።

ልብስ ስፌት የምሠራው፦
የጁዶ ልብሱን የምገዛበት አሁን የለኝም። የሥራ ቀሚሴን ለብሼ ብመጣ ይሆናል?

ጁዶ የማሠራው፦
እሱን ለብሰሽ ነይ። ነጠላውንም ያዥው፤ መጀመሪያ የምንይዝሽ በእሱ ነው።