በሥነ ሕንፃ ንድፈ ሐሳብ ላይ የግል ጥናት መሥራት፦ ማስረጃው ምንድን ነው? ጥያቄውንስ እንዴት ማጥበብ ይቻላል?

ተማሪዋ ከኮምቦልቻ፦

ጤና ይስጥልኝ። በኮምቦልቻ የአርክቴክቸር የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከስቱዲዮ ሥራ ውጭ፣ በራሴ ፍላጎት፣ በንድፈ ሐሳብ ላይ ያተኮረ አነስተኛ ጥናት ለመሥራት አስቤ ርእሱን «ክሪቲካል ሪጅናሊዝም እና የደሴ ከተማ የሥነ ሕንፃ ማንነት» ብዬው ነበር (ክሪቲካል ሪጅናሊዝም ዘመናዊ ሥነ ሕንፃ ከሚሠራበት ቦታ መሬት፣ አየርና ባህል ጋር መያያዝ አለበት የሚል ንድፈ ሐሳብ ነው)። ረቂቁን ያሳየኋቸው መምህር ግን «ይህ አስተያየት እንጂ ጥናት አይደለም፤ መጠይቅ በትነሽ ቁጥር ይዘሽ ነይ» አሉኝ። መጠይቅ መበተን አልጠላም፤ ነገር ግን ስለ ከተማቸው ማንነት አንድ መቶ ሰዎችን ብጠይቅ የማገኘው የአንድ መቶ ሰዎችን አስተያየት ነው እንጂ፣ ንድፈ ሐሳቡ ለደሴ ይሠራል ወይስ አይሠራም ለሚለው መልስ የሚሆን አይመስለኝም።

ስለዚህ ንድፈ ሐሳብን የሚመረምር ጥናት ማስረጃው ምን እንደሆነ የምታውቁ ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ርእሴ ሰፊ መሆኑም ይሰማኛል፤ ከየት ይዤ እንደማጠብበው ግን ጠፍቶኛል። ምናልባት ከጠቀመ፣ አያቴ በደሴ ዙሪያ የጭቃ ቤት ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁንም ቁጭ ብለው ያወጉኛል።

ሐረጎ፦

አብሽሪ እህቴ፤ ይህ እኔም የገባሁበት ማጥ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ ካንቺው ጋር ተቀራራቢ ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ አርባው ገጽ ንድፈ ሐሳቡን ስላስፋፋው ጸሐፊ ስለ ኬኔት ፍራምፕተን፣ ሦስቱ ገጽ ስለ ደሴ ሆኖ ተገኘ። ስህተቴ የተገለጠልኝ ዘግይቶ ነው፤ «ማንነት» የሚለውን ቃል ርእስ ላይ ካሰፈርሽው በኋላ ፒያሳን፣ አይጠየፍ አዳራሽን፣ መስጊዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ አዲሱን የመስታወት ፎቅ ሁሉ ማንሣት ግድ ይሆንብሻል፤ ሁሉን ያነሣ ደግሞ አንዱንም አይመረምርም።

«ክሪቲካል ሪጅናሊዝም» የሚለውን ቃል የፈጠረው ፍራምፕተን እንዳልሆነም ልብ በዪ። እ.ኤ.አ. በ1981 አሌክሳንደር ዞኒስ እና ሊያን ለፌቭር ስለ ግሪክ ሥነ ሕንፃ ሲጽፉ የተጠቀሙበት ሲሆን፣ ፍራምፕተን ከሁለት ዓመት በኋላ ወስዶ አስፋፋው። ሆኖም በዚያ የ1983 ጽሑፉ ውስጥ ለእኛ አገር ሰው የተጻፈ የሚመስል አንድ ክርክር አለ፤ ወጣ ገባ የሆነን መሬት በዶዘር ደልድሎ ሜዳ ማድረግ ቦታን ቦታ አልባ ያደርጋል፤ ተዳፋቱን በእርከን ተከትሎ መሥራት ግን መሬቱን እንደ ማልማት ነው ይላል። ከጦሳ ተራራ ሥር እስከ ቦርከና ወንዝ ድረስ ቤት ሁሉ ተዳፋት ላይ በተሠራበት ከተማ ይህ የቀን ተቀን ነገር ነው። ሙሉውን ንድፈ ሐሳብ ከምትሸከሚ ይህችን አንዲት ክርክር ወስደሽ፣ በአንድ ሰፈር ያሉ ጥቂት ቤቶች መሬቱን እንዴት እንደቆረጡና እንደደገፉ በቁመት ቁርጥ ሥዕል (ሴክሽን) ለክተሽ ብትፈትሺያት ሥራው ይበቃሻል።

የድሮ አስተማሪ፦

ልጄ፣ መምህርሽ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ንድፈ ሐሳብ ያለ ማስረጃ አስተያየት ይሆናል፤ ማስረጃ ግን ቁጥር ብቻ አይደለም። በዚህ ዘርፍ ማስረጃ የሚሆኑት ጽሑፉ ራሱ (ጸሐፊው በትክክል ምን አለ፣ መቼና ማንን እየተቃወመ አለው)፣ በሥዕልና በልኬት የተመዘገበው ሕንፃ፣ እንዲሁም ሠሪዎቹ ሥራቸውን የሚጠሩባቸው ቃላት ናቸው። የመጨረሻውን ተማሪዎች ሁልጊዜ ይዘሉታል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የከበረው እርሱ ነው፤ አንቺም በቤትሽ አለልሽ።

በምሳሌ ላስረዳሽ። ጀርመናዊው አርክቴክት ጎትፍሪድ ዜምፐር እ.ኤ.አ. በ1851 ባሳተመው አነስተኛ መጽሐፍ፣ ሥነ ሕንፃ ከአራት ነገሮች እንደሚነሣ ጽፏል፦ ምድጃ፣ ጣሪያ፣ ከለላ እና ቤቱ የሚያርፍበት የተደለደለ መሬት። ከሁሉ በላይ ያከራከረው ስለ ከለላው ያለው ነው። የግድግዳ መነሻው ድንጋይ ሳይሆን ሽመና ነው፤ በመጀመሪያ የተጠለፈ አጥርና ምንጣፍ ነበረ፤ ድንጋዩ የመጣው ከኋላ ነው ይላል። ለዚህም ከራሱ ቋንቋ ምስክር ይጠራል፤ በጀርመንኛ ግድግዳ «ቫንት»፣ ልብስ ደግሞ «ጌቫንት» ይባላልና። በዚያው ዓመት በለንደኑ ታላቅ ዐውደ ርእይ ላይ የታየውን የካሪቢያን ጎጆ፣ አራቱንም አካቶ ስላገኘው የሐሳቡ ማረጋገጫ አድርጎ ቆጥሮታል።

እንግዲህ ወደ እኛ ቋንቋ ነይ። በአማርኛ ቤት ይከደናል፤ ሣሩም ክዳን ይባላል። በግእዝ ግን «ክዳን» ማለት ልብስ ነው (ውል ከሚለው «ኪዳን» ጋር እንዳታምታቺው)። ጀርመኑ ልብስን ከግድግዳው ጋር ሲያዛምድ፣ የእኛ ቃል ልብስን ያኖረው ከጣሪያው ላይ ነው። ይህ የዜምፐርን ሐሳብ ያጠናክራል ወይስ ያፈርሳል? መጠይቅ በትነሽ የማትመልሺው፣ ሆኖም በማስረጃ ልትመልሺው የምትችዪው ጥያቄ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

የዜምፐር ጽሑፎች እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዝኛ ተተርጉመው ወጥተዋል። ስለ ኢትዮጵያ ቤቶች የተጻፈውን ለማግኘት አዲስ አበባ የሚያደርስ ጉዳይ ካለሽ፣ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሁለት ቀን ይገባዋል። ከሌለሽም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን ማከማቻ በኢንተርኔት መመልከት ትችያለሽ።

ካብና ውኃ ልክ፦

ለአስተማሪያችን ካለኝ አክብሮት ጋር፣ በሁለት ነገር አልስማማም። እኔ በደሴ የግንባታ ሥራ ላይ ያለሁ መሐንዲስ ነኝ፤ የንድፈ ሐሳብ ሰው አይደለሁም።

አንደኛ፣ የቃል ዘር የሠሪውን ሐሳብ አያሳይም። ዛሬ «የቆርቆሮ ክዳን» እንላለን፤ ቆርቆሮውን በምስማር የሚመታው ሠራተኛ የግእዙ ልብስ በሐሳቡ አይመጣም። ቃሉ የኖረው ትርጉሙን ጥሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተማሪዋ መዝገበ ቃላት ከፍታ «አገኘሁት» እንዳትል እሰጋለሁ።

ሁለተኛ፣ ከአራቱ ነገሮች ውስጥ የተደለደለው መሬት እንዲህ በአንድ ቃል መታለፍ አልነበረበትም። ተማሪ ብዙውን ጊዜ ይህን በቤት ውስጥ ካለው መደብ ጋር ያመሳስለዋል፤ መደብ ግን መቀመጫና መኝታ ነው። ለደሴ ሰው የተደለደለ መሬት ማለት ካብ ነው። ቤት ከመታሰቡ በፊት ተዳፋቱ ይቆረጣል፣ ካቡ ይካባል፣ የጎርፉ መውረጃ ይበጃል፤ ቋሚ የሚተከለው ከዚያ በኋላ ነው። ካቡ በክረምት ከተናደ ምድጃውም፣ ጣሪያውም፣ ሽመናውም አብሮት ይወርዳል። ዜምፐር ምድጃን የሁሉ መጀመሪያ ያደርገዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እዚህ መጀመሪያው ካብ ነው። ሐረጎ ያነሣው የእርከን ነገርም ከዚሁ ጋር ይገጥማል።

የድሮ አስተማሪ፦

መሐንዲሱ በመጀመሪያው ረትተውኛል። ቃል ጥያቄ ያስነሣል እንጂ ፍርድ አይሰጥም፤ ይህን አብሬ መናገር ነበረብኝ። በካቡም ነገር እውነታቸውን ነው፤ ይሁን እንጂ ዜምፐር ምድጃን የሚያስቀድመው በግንባታ ቅደም ተከተል ሳይሆን ሰው በዙሪያው የሚሰበሰብበት ስለሆነ ነውና፣ ሁለቱ «መጀመሪያ» የተለያዩ መሆናቸውን ተማሪዋ ለይታ ትጻፍ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አውሮጳዊ ጎጆ ሲያይ የሚያየው የሰው ልጅ የጥንት ደረጃ ናሙና አድርጎ ነው። የአያትሽ ቤት የማንም ጥንት አይደለም፤ የእርሳቸው ዘመን ሥራ ነው። ይህን የዘነጋ ጥናት፣ ልኬቱ የቱንም ያህል ቢሠምር፣ የተበደረውን መነጽር ሳያውቅ ያደረገ ይሆናል።

ተማሪዋ ከኮምቦልቻ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ከአያቴ ዘንድ ዋልሁ። ስለ ዜምፐርም ስለ ልብስም አንዳች ሳልናገር፣ አንድን ቤት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲሠሩልኝ በቃል ጠየቅኋቸው። በእውነትም በካብ ጀመሩ፤ ስለ ድንጋዩ ምርጫና ስለ ውኃው መውረጃ ብቻ አንድ ሰዓት ያህል ተናገሩ። ከዚያ ቋሚውን፣ ማገሩን፣ ማገሩን በልጥ ማሰሩን፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቶ ማሳደሩን ነገሩኝ። ጣሪያውን «ከደንነው» አሉና አለፉት። ማገሩ አልቆ ጭቃ ያልገባበትን ቤት ግን «ገና ራቁቱን ነው፤ አልተመረገም» አሉኝ።

ማስታወሻዬን ይዤ ዝም አልሁ። ልብሱን ያስቀመጡት ቃሉ ከሚለው ከጣሪያው ላይ ሳይሆን፣ ዜምፐር እንዳለው ከግድግዳው ላይ ነው። የአንድ ሰው አነጋገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሌሎች ሁለት ወይም ሦስት አናጺዎችን በዚሁ መንገድ፣ ልብስ የሚለውን ቃል ሳልጠቁም፣ ለመጠየቅ አስቤአለሁ። ርእሱንም «በደሴ ዙሪያ የጭቃ ቤት ሠሪዎች አነጋገር የዜምፐር የከለላ ሐሳብ፦ ምርጊት እንደ ልብስ» ወደሚል ቀይሬዋለሁ። ካቡን ለብቻው ላቆየው ነው፤ እጅግ ሰፊ ሆኖብኛል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ፣ ቃለ መጠይቁን በጽሑፉ ውስጥ እንዴት ላስገባው የሚለው ነው፤ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ።

የድሮ አስተማሪ፦

አስፈቅደሽ በድምፅ ቅጂ፤ በስማቸው መጠራት ይፈልጉ እንደሆነም ጠይቂያቸው። በጽሑፉ ውስጥ የተናገሩት አማርኛ በፊደሉ እንዳለ ይቀመጥ፤ ትርጉሙ ከሥሩ ይከተል። «መረገ» እና «ከደነ» የሚሉትን በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል «ሸፈነ» ብለሽ ከተረጎምሽያቸው ጥናቱ በዚያው ገጽ ላይ ያልቃል።

ካብና ውኃ ልክ፦

ካቡን ስትመለሺበት ጻፊልኝ፤ በሥራ ላይ ያሉ ጥቂት ቦታዎችን አሳይሻለሁ። ከሰኔ በፊት ቢሆን ይሻላል፤ ክረምቱ ከገባ በኋላ ቁርጡን መለካት አይቻልም።