ለሳይነስ አኩፓንቸር (የቻይና የመርፌ ሕክምና) የሞከራችሁ እርዱኝ

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሳይነስ ከያዘኝ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ክረምት ሲገባ አፍንጫዬ ይዘጋል፣ ግንባሬና ጉንጬ ይከብደኛል። ቡና ሲቆላ እንኳ አይሸተኝም፤ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

አፍንጫ የሚከፍት ጠብታ ከሳምንት በላይ ተጠቀምኩ፣ ጭራሽ ባሰብኝ። ሐኪሙ ጠብታውን ብዙ ቀን ሲጠቀሙበት ራሱ አፍንጫ እንደሚዘጋ ነገረኝና ተውኩት። ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ማጠብ ትንሽ ያቀልልኛል።

አሁን አዲስ አበባ እየተመላለስኩ አኩፓንቸር ጀምሬያለሁ። መርፌው ከአፍንጫ ክንፍ ጎን፣ ቻይናዎች ዪንግሺያንግ የሚሉት ቦታ ላይ ይሰካል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከልም፣ ሄጉ ላይ። 4 ጊዜ ተሰካልኝ። ሁለት ቀን ይከፈትልኛል፣ ከዚያ ያው ነው። መንገዱ ደግሞ ሩቅ ነው።

በአኩፓንቸር የተሻላችሁ፣ ለውጡ መቆየት የጀመረው ከስንተኛው ጊዜ በኋላ ነው?